ቅጠልና ሕመም በአንድ ትንፋሽ

ቅዳሜ ጠዋት ለዘርጋው መጀመሪያ የደረሰው ድምፅ የአንዲት እናት ነበር። «ጤና አዳሙን ውሃ አጠጪው» አለች ሴትየዋ። ከዚያ በር ተከፈተ፣ ስለ ዝናብ ተወራ፣ አንድ ሰው ስለ ጎረቤት ሠርግ ረዘም ያለ ሐሜት አማ። ሩብ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያችው እናት «ልጁን ሆዱን ቆርጦታል» አለች። ቤቱን የሚያዳምጠው መሣሪያ ይህን ቆርጦ «ማዘዝ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ልኮለታል። ዘርጋው ድምፁን መልሶ ሰማው፤ ሴትየዋ ውሃ ይጠጣ ያለችው ልጁ ሳይሆን ተክሉ መሆኑን አመነና «ወሬ» የሚለውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነ።

የቃል ጥበቃ ቢሮ ሰሚዎች ሥራ ይኸው ነው። በየቤቱ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሳጥን የቤቱ ሐኪም ነው፤ ልብ ያዳምጣል፣ ትኩሳት ይለካል፣ መድኃኒት ያዛል። ታዲያ ጆሮው ለሌላም ነገር ያገለግላል። የቅጠል ስምና የሕመም ስም ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ቤት ሲጠሩ ከሰማ ለሰሚ ይልካል፤ ሰሚው «ወሬ» ወይም «ማዘዝ» ብሎ ይፈርዳል። «ማዘዝ» የተባለበት ሰው ሳጥኑ ከጣሪያው ይወርድበታል፤ ያለ ሐኪም ይቀራል። ሕዝቡ ይህን «የሁለት ቃል ሕግ» ይለዋል። አንዱን ቃል ብቻውን ቀኑን ሙሉ ቢጠሩት ማንም ምንም አይልም።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ከዚያ በፊት «ይህን ቀቅለህ ጠጣ» የሚል ድምፅ በየስልኩ በዝቶ ጉበቱና ኩላሊቱ ያለቀ ሰው ሆስፒታሉን ሞልቶት ነበር። የዘርጋው አባትም የሞቱት በዚያ ዘመን ነው። ሐኪሞቹ «ምንድን ነው የጠጡት?» እያሉ ቤተሰቡን ቢጠይቁ ቤት ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ተያየ እንጂ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ ዘርጋው በሥራው ያምናል። ወደ «ወሬ» ያደላል ተብሎ ቢታማም፣ «ማዘዝ» ሲል አያመነታም።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። በየቤቱ ሕመሙ ጠዋት ይነገራል፣ ቅጠሉ ማታ ይጠራል። መሐሉን የግድ መሙላት ሲያስፈልግ ስለ ዝናብ ይወራል፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ስለ ዝናብ እንደዚያ ዘመን ተወርቶ አያውቅም። ምች የሚባል ሕመም ከመዝገብ ወጥቶ «ድንገተኛ ትኩሳት ከከንፈር ቁስል ጋር» ተብሏል። አልማዝ ባለጭራ «የነርቭ ሽፍታ» ሆናለች፤ ያ ሁሉ ሞገሷ ቀርቶ። በረንዳ ላይ ያለው ዳማከሴ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለች ቆርቆሮ «ኦሲመም ላሚፎሊየም፤ ለጌጥ» ይላል። ዘርጋው በሚኖርበት አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢ መካከል የቆመው ትልቁ ዛፍ፣ በየበጋው ቀይ አበባውን የሚያንዠረግገው፣ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ፤ ለጥላ» የሚል ሰሌዳ ተቸንክሮበታል። ልጆች ሰሌዳውን ያነባሉ፤ እናቶች ሌላውን ስሙን አይነግሯቸውም።

የታመመ መጠየቅ ግን አልቀረም። ድሮ ጠያቂ በእጁ ብርቱካን፣ በአፉ መድኃኒት ይዞ ነበር የሚመጣው። አንዱ ፌጦ በሎሚ ሲል ሌላው ጦስኝ ነው የሚሻላት ይላል፤ ሕመምተኛውም በሽታው ቢተወው እንኳ ምክሩ አይተወውም። አሁን ጠያቂው ይገባል፣ «ምን አገኛት?» ይላል፣ መልሱን ይሰማል፣ «እግዜር ይማራት» ብሎ ዝም ይላል። ያቺ «ምን አገኛት?» ከቀድሞው ሁሉ የተረፈች አንዲት ጥያቄ ስለሆነች ማንም ሳይጠይቃት አያልፍም።

ጎረቤቶቹ ዘርጋውን አይጠሉትም። ሲያገኙት ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉታል፣ እናቱ ሲሞቱም ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። ብቻ አሳንሰር ውስጥ ሲገባ ወሬው ወደ ዝናብ ይዞራል። ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ ከብት ማረድ ክልክል ነው፤ ሥጋ የሚመጣው በገንዳ ውስጥ ከሚያሳድገው ፋብሪካ፣ ማኅተም ተመቶበት ነው። የብሎኩ ሰዎች ግን በየፋሲካው ተሰባስበው ከከተማ ወጣ ይሉና በሬ አሳርደው ቅርጫቸውን ተካፍለው ይመለሳሉ። ለዘርጋው ነግረውት አያውቁም። እሱም ያውቃል። የቢላው ድምፅ በግድግዳ ያልፋል፤ ሰሚ ሆኖ ይህን አለመስማት አይቻልም። ሥጋ የእሱ ቢሮ ጉዳይ ስላልሆነ ዝም ይላል።

ሚስቱን ውድነሽን ግን ያንገበግባት ነበር። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ የግማሹን ብሎክ ልጆች ፊደል ያስቆጠረች እሷ ነች። «ሥጋው አይደለም» ትለው ነበር። «ሲቆጥሩ የእኛን በር ይዘሉታል። እሱ ነው የሚያመኝ።» ዘርጋው ከፋብሪካው ሱቅ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ይገዛና ይገባል፤ እሷም ሠርታ ታቀርባለች፣ ይበላሉ።

የሰኔ ቅዳሜ ነበር። ዘርጋው አምስት ስድስት ድምፅ ከሰማ በኋላ የቤቱ ሳጥን በጆሮው ውስጥ «ባለቤትዎ ታመዋል፤ አሳሳቢ አይደለም» አለው። ሳጥን አሳሳቢ አይደለም ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ዘርጋው ግን ማዳመጫውን አውልቆ ወጣ።

ውድነሽ አልጋው ላይ ተጠቅልላ አገኛት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሳፋ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ከሥራ የመጣ ባሏን ስታይ ቀና ለማለት ሞከረችና አቃታት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ያልፋል።»

«ምን በላሽ?»

«ያው የቤቱን ነዋ።» ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ አሸችው። «ዘርጋው፣ መብራቱን አጠፋኸው እንዴ? ጭጋግ ሆነብኝ።»

ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መጋረጃው ተከፍቷል፤ ፀሐይዋም አልጋው ላይ ወድቃለች። ዘርጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

ሳጥኑ በትሁት የሴት ድምፅ ጠየቀ፤ «ወይዘሮ ውድነሽ፣ የወሰዱት ነገር አለ?»

«የለም» አለች።

«የጨጓራና የአንጀት ቁጣ፣ ዓይነት አንድ። ፈሳሽ ይውሰዱ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና እጠይቃለሁ።»

ይህች «የወሰዱት ነገር አለ?» የምትል ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ታማሚ ራሱ የወሰደውን ቢናገር በሕግ አይጠየቅም። ነገር ግን «አዎ» ካለ ሳጥኑ ቀጥሎ «ማን ሰጠዎት?» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝም አይተውም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ «የለም» ማለት ለምዷል።

በሩ ተንኳኳ። ጠያቂዎች ናቸው፤ ሦስት ሆነው መጡ። ፊት ፊት እማማ ሶልያና አሉ፤ በእሳቸው ልጅነት ሶልያና የሕፃን ስም ነበረ አሉ፣ አሁን ስሙ ሲጠራ ለማንም የሚታየው ከዘራና ነጠላ ነው። ከኋላቸው በጡረታ ያሉት የአውቶቡስ ሾፌር ጋሽ ናታን ገቡ። መጨረሻ ላይ ግድግዳ የምትጋራቸው ወጣቷ አስካለ፣ እጇን ልብሷ ላይ እየጠረገች ተከተለች። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እግዜር ይማርሽ» አሉ፣ አንድ በአንድ።

ከዚያ ዝም ሆነ።

ዘርጋው ለዓመታት እንጀራውን የበላው በዝምታ ነው። ሥራው ከአንዱ ቃል እስከ ሌላው ቃል ያለውን ባዶ ቦታ ማዳመጥ ስለሆነ፣ የማያውቅ ሰው ዝምታና የሚደብቅ ሰው ዝምታ አንድ እንዳልሆኑ ጠንቅቆ ያውቃል። የማያውቅ ሰው ይቁነጠነጣል፣ ያስላል፣ ወንበሩን ያንቀሳቅሳል። እነዚህ ሦስቱ ግን ትንፋሻቸውን እንኳ ቆጥበው ነው የተቀመጡት። አስካለ ምራቋን ዋጠች፤ እማማ ሶልያና መቁጠሪያቸውን ያለማቋረጥ ያንከባልላሉ። እና አንድ ነገር ጎደለው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ፈጀበት።

ማንም «ምን አገኛት?» አላለም።

«አትጠይቁም እንዴ?» አለ ዘርጋው። «ምን አገኛት አይባልም?»

«እግዜር ይማራት ነው እንጂ ምን ይባላል ልጄ» አሉ እማማ ሶልያና።

«እማማ፣ ምን ጠጣች?»

የሦስቱም ዓይን እኩል ወደ ጣሪያው ተነሣ፣ ወደ ሳጥኑ። እማማ ሶልያና ቶሎ ብለው ዓይናቸውን መለሱ። «እኔ በምን አውቄ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር፤ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ሄደ። እዚያ ቆዳቸው ሥር ልባቸውን የሚያስመታ ትንሽ ነገር ተቀብሯል፤ በየሌሊቱ ኃይል የሚሞላለት ቤታቸው ያለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ከወረደባቸው በማግስቱ የሚሆነውን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ዘርጋውም ያውቃል።

ውድነሽ እጁን ያዘችው። መዳፏ በርዷል። «ተው፣ ዘርጋው» አለች በሹክሹክታ። «ተዋቸው። ገና ዘንድሮ ነው የጠሩኝ።»

የጠሩኝ ያለችው ወዴት እንደሆነ አልገባውም። የገባው ሌላ ነገር ነው። አባቱ የሞቱ ቀን ቤት ውስጥ ከነበሩት መካከል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ሦስት የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። የማይነግሩትም ሰሚ ስለሆነ ነው። ሚስቱም የማትነግረው ሰሚ ስለሆነ ነው። ይህ ሲገባው ተናደደ፤ በማን ላይ እንደሚናደድ ግን አላወቀም።

ተነሥቶ ከሳጥኑ ሥር ቆመ። ሳጥን ይሰማል እንጂ አያይም።

«ውድነሽ ሆዷን ታማለች» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ሳይተነፍስ ቀጠለ፤ «ጤና አዳም።»

«አቶ ዘርጋው፣ ሁለት ቃል ተመዝግቧል» አለ ሳጥኑ።

ጋሽ ናታን ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ። «ኧረ በስመአብ፣ ምን ነክቶሃል?» አሉ። ዘርጋው አላያቸውም፤ ጆሮው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

«ግራዋ» አለ። መቁጠሪያው ይንከባለላል።

«ሁለት ቃል ተመዝግቧል።»

«እንዶድ። መተሬ።» መቁጠሪያው አልቆመም።

«ሁለት ቃል ተመዝግቧል። ሁለት ቃል ተመዝግቧል።»

ዘርጋው ከሰዎች አፍ ቆርጦ ቆርጦ ያጠራቀማቸውን ስሞች ነው የሚጠራው። ለዓመታት በሰማቸው ቤቶች ሁሉ፣ በዝናብ ወሬ መሐል ተሸሽገው ያለፉ ስሞች ናቸው። አንዳቸውንም በገዛ አፉ ጠርቶ አያውቅም ነበር።

«እንቆቆ። ኮሶ።»

መቁጠሪያው ቆመ። አስካለ ትንፋሿ ተቋረጠ።

«ኮሶ ነው?» አለ ዘርጋው፣ ወደ እማማ ሶልያና ዞሮ። «አይናገሩ። በእጅዎ።»

አሮጊቷ ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና መዳፋቸውን እንደ ጎድጓዳ ሣህን አድርገው አሳዩት፤ አንድ እፍኝ። እጃቸውን መለሱ። እንደገና አወጡት። ሁለተኛ እፍኝ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ ድምፅ ግን አላሰሙም።

ዘርጋው ወደ ሳጥኑ ቀና አለ። «ኮሶ ጠጥታለች። ሁለት ጊዜ፣ በእፍኝ፣ ዛሬ። ዓይኗ እየጨለመባት ነው።»

«ሀጌኒያ አቢሲኒካ» አለ ሳጥኑ። «ማን ሰጣቸው?»

እማማ ሶልያና እጃቸውን ነጠላቸው ሥር መለሱ።

«እኔ» አለ ዘርጋው።

«አመሰግናለሁ። አምቡላንስ ተጠርቷል።»

በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አስካለ ነገሩን ነገረችው። እንደ ሰው ሁሉ የሕመም ስም ሳትጠራ ነው የተናገረችው፤ አፏ ለምዶታል።

የብሎኩ ሴቶች የፋሲካውን ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ በአንድ ቅዳሜ አብረው ኮሶ ይጠጣሉ። አበባውን ከግቢው ዛፍ በበጋ ለቅመው አልጋ ሥር ያደርቁታል። የሚለኩት እማማ ሶልያና ናቸው። ጎህ ሳይቀድ በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡታል፤ ኮሶ መጠጣታቸው እንዳይታወቅ በአንዷ ቤት በር ዘግተው አብረው ይውላሉ፣ እስኪሽርላቸውም አንዷ የሌላዋን ወሬ ትጠብቃለች። ኮሶ ሻረ የሚባለው ደግሞ ትሉ ሲወጣ ነው። ትሉ ካልወጣ ሆድ ቢያጥብም ሻረ አይባልም።

«ዘንድሮ እትዬ ውድነሽ ለምን ትቀራለች ብዬ እኔ ነኝ የጠራኋት» አለች አስካለ። «የሁላችንም እስከ ረፋድ ሻረ። የእሷ ግን እንቢ አለ። እማማ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ‹የእሷ ግትር ነው› አሉና ደገሙላት። ከእጃቸው ነው የተቀበለችው፤ አንዴም አላንገራገረችም።»

«ሥጋ ከየት የበላች መስሏችሁ ነው?» አለ ዘርጋው።

«ያው... ከዘመድ ከምናምን ደርሷት ይሆናል ብለን። ከእኛ ቅርጫ እንዳልሆነማ እናውቃለን።»

«እኛ ማኅተም ያለበትን ነው የምንበላው። የገንዳ ሥጋ።»

አስካለ ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። በገንዳ ሥጋ ውስጥ ትል የለም፤ ኖሮም አያውቅም። እማማ ሶልያናና ጓደኞቻቸው ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁ የዋሉት ያልተፈጠረ ትል እስኪወጣ ነው። እሱ አልወጣ ስላለ ነው ሁለተኛውን እፍኝ ያፈሰሱላት። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ጎንበስ አለች፤ ዘርጋውም አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ። አንዳቸውም ሌላውን ለማጽናናት አልሞከሩም።

ውድነሽ በሦስተኛው ቀን መቀመጥ ቻለች። ዘርጋው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሆኖ ጠየቃት። «ትል እንደሌለብሽ እያወቅሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አልጠጣም አትዪም?»

«አስካለ በሬን አንኳኩታ ‹ቅዳሜ አብረን ነን› አለችኝ» አለች ውድነሽ። «እዚያ ብሎክ ከገባን ጀምሮ አንድ ሰው ኑ ሊለን አንኳኩቶ አያውቅም። ትል የለብኝም ልበላት? ትል የለብኝም ማለት ሥጋ አልሰጣችሁኝም ማለት እኮ ነው። የጠሩኝ ቀን ልውቀሳቸው?» ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች። «ሁለተኛውን ሲሰጡኝ ሁሉም ከበውኝ ነበር። አይዞሽ ይሉኝ ነበር፣ ጀርባዬን ያሹኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የጠጣሁት።»

ዘርጋው ግራ ዓይኗ ወደ እሱ እንዳልዞረ አየ። ሐኪሙ ቀኙ እንደሚመለስ፣ ግራው ግን እንደማይመለስ ቀድሞ ነግሮታል። ለእሷ ለመንገር አቅም እስኪያገኝ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ።

የዘርጋው ድምፅ ለፍርድ የተላከው አጠገቡ ለምትቀመጥ ባልደረባው ነበር። ድምፁን ለይታዋለች። ደጋግማ ሰማችው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥሪዎች ሁሉ «ወሬ» ልትላቸው ትችል ነበር፣ መጠየቅ ማዘዝ አይደለምና። «ማን ሰጣቸው?» ለሚለው ግን «እኔ» የሚል መልስ አለ። የሰሚ እጅ «እኔ» ላይ ሲደርስ የሚሄድበት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ከሥራው ተሰናበተ። ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ሳጥኑን ፈተው በካርቶን ከተው ሄዱ። ጣሪያው ላይ ክብ ነጭ ምልክት ቀረ።

ውድነሽ ከሆስፒታል ስትገባ ጠያቂ መጣ። እማማ ሶልያና፣ ጋሽ ናታን፣ አስካለ፣ ሌሎችም ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ ጋሽ ናታን ቀና ብለው ነጩን ምልክት አዩት፤ ረዥም ጊዜ አዩት።

«ቁርጥማቴ» አሉ ቀስ ብለው። ዙሪያቸውን ቃኙ። «ቁርጥማቴ ብሶብኛል። ለዚህ ለዚህ... ድሮ እናቴ ጦስኝ...»

ምንም አልተከተለም። «ሁለት ቃል ተመዝግቧል» ያለ የለም። ጋሽ ናታን እንደ ሕፃን ሳቁ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቤቱ ይሞላል። ሰዎች ስልካቸውን ደጅ ከጫማቸው ጋር ትተው ይገባሉ። ምች በገዛ ስሟ ትጠራለች፤ አልማዝም ባለጭራ ሆና ተመልሳለች። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቃወማል፤ ቅጠሉና ሕመሙ በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። ከሚባለው ግማሹ ትክክል እንዳልሆነ ዘርጋው ይጠረጥራል፣ እሱና ሚስቱም ቢታመሙ ሳጥን የላቸውም። ከተማው መሐል ባለው የሕዝብ ሆስፒታል ተሰልፈው ነው የሚታከሙት። ሰው ሁሉ ሲናገር እማማ ሶልያና ብቻ አይናገሩም። «እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲሏቸው «እኔን አትጠይቁኝ፤ ሐኪም ጠይቁ» ይሉና የውድነሽን ብርጭቆ ውሃ ሊሞሉላት ይነሣሉ። ዘርጋው ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከቅጠሉ እስከ ሕመሙ ያለውን ክፍተት መለካት አልተወውም። አውራ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ይጫናል፤ ወሬ፣ ወሬ፣ ወሬ።

በቀጣዩ ፋሲካ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አስካለ ነበረች፤ በጨርቅ የተሸፈነ ሣህን ሰጥታው፣ «እንኳን አደረሳችሁ፣ የእናንተ መደብ ነው» ብላ ሳትቀመጥ ሄደች። ዘርጋው ሣህኑን ውድነሽ ጭን ላይ አስቀመጠላት። በቀኝ ዓይኗ ቀረብ አድርጋ አየችው፤ አልበቃትም፣ በጣቶቿ ዳሰሰችው። ጎድኑን አገኘች፣ ሻኛውን አገኘች፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ትንሽ ትንሽ አገኘች። ቅርጫ ሲካፈሉ ከብልቱ ሁሉ ለሁሉም እኩል ነው የሚደርሰው፤ አንዱም አልጎደለም።

«እኩል ነው» አለች። «ከሁሉም አለ፣ ዘርጋው።»

«አለ።»

ሣህኑን ጥቂት ጊዜ አቅፋ ቆየች። ከዚያ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«በል አሁን» አለች፣ «ደህና አድርገህ አብስለው።»